ፔንግዊን ፍለጋ ከአክስቴ ጋር

ፔንግዊን ከመታየቱ በፊት ይሸታል። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ከሆነ ገና ከመኪና ሳይወረድ የዓሣና የኩስ ሽታ ይቀበላል፤ ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል፤ ዐይን የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ድምፁ ቁርጥ የአህያ ነው፣ አየር እየሳበ የሚያንቋርረው መነሻው ሳይቀር። በ1497 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከቫስኮ ዳ ጋማ ጋር በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ያለፉት ፖርቱጋሎች በማስታወሻቸው ካሰፈሯቸው ነገሮች አንዱ እንደ አህያ የሚጮኹት እነዚህ የማይበሩ ወፎች ናቸው። አክስቴም የመጀመሪያውን ጩኸት ሲሰሙ ቆም ብለው፣ "እዚህ አገር አህያ ከባሕሩ ጥግ ነው እንዴ የሚያድረው?" አሉኝ።

ኬፕታውን የሄድነው ለፔንግዊን አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ አክስቴ ለአራስ ጥየቃና ለክርስትናው ሲነሡ፣ በአየር ማረፊያ ብቻቸውን እንዳይንገላቱ እኔ ተከተልኳቸው። ወቅቱ ኅዳር ነው፤ እዚያ በጋ፣ ለአክስቴ ደግሞ ጾመ ነቢያት። ሻንጣቸው ውስጥ ከአራሷ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ሌላ የራሳቸው የጾም ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ታጭቋል።

የፔንግዊኑን ነገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ በቴሌቪዥን የአንታርክቲካውን ትልቁን ፔንግዊን አይተው ልባቸው ተነክቷል። እናቲቱ እንቁላሏን ለባሏ አስረክባ ወደ ባሕር ትወርዳለች፤ አባትየው እንቁላሉን እግሩ ላይ አኑሮ፣ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፣ በዚያ ጨለማና ውርጭ ከሁለት ወር በላይ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይቆማል። አክስቴ ባላቸውን በጊዜ አጥተው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ያንን ወፍ ካዩ ወዲህ ደጋግመው "አባት ማለት እሱ ነው" ይላሉ። ታዲያ ምራታቸው ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ "እማዬ፣ ፔንግዊን እኮ እዚህም አለ፤ በባቡር ትንሽ ነው" ስትል፣ ክርስትናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ የምንሠራው ሥራ ተወሰነ።

ያለው ግን ያ በቴሌቪዥን ያዩት አይደለም። በዓለም ላይ 18 ያህል የፔንግዊን ዓይነቶች አሉ፤ በአፍሪካ አህጉር የሚራባው አንድ ብቻ ነው። መኖሪያው ከናሚቢያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነው። ከአንታርክቲካ አቅጣጫ የሚመጣው ቀዝቃዛው የቤንጌላ ሞገድ ዓሣ ስለሚሰበስብ፣ በረዶ በሌለበት ፀሐይ በሚያነድደው ድንጋይ ላይ ይኖራል። ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። ከዐይኑ በላይ ላባ የሌለው ሮዝ ቆዳ አለው፤ ሙቀት ሲበዛበት ደሙ ወደዚያ ይወጣና ይቀዘቅዛል። በደረቱ ላይ የተረጩት ጥቁር ነጠብጣቦች ከወፍ ወፍ ይለያያሉ፤ አጥኚዎች እያንዳንዱን በእነሱ ይለዩታል።

መጀመሪያ ያቀድነው ሮበን ደሴት ነበር። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉበት ደሴት ነው። አክስቴ ኮልፌ ያደጉ ናቸው፤ ማንዴላ በ1962 እዚያው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና እንደወሰዱ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለእሳቸው ጉዞው የጎረቤት ቤት መጠየቅ ያህል ነበር። ደሴቱ ላይ ፔንግዊኖችም አሉ። የቀደሙት መርከበኞች አርደው ጨርሰዋቸው ለ200 ዓመት ገደማ ጠፍተው ነበር፤ በ1983 ዘጠኝ ጥንዶች ተመልሰው ጎጆ ሠሩ። ማንዴላ በ1982 ከደሴቱ ወደ ሌላ እስር ቤት ስለተዘዋወሩ አልተገናኙም። አክስቴ ይህን ስነግራቸው በጣም አዘኑ።

እኛም አልደረስንም። በበጋ ኬፕታውን ላይ የሚነሣ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አለ፤ የከተማዋን አየር ስለሚያጠራ የኬፕ ሐኪም ይሉታል። የዚያን ቀን ሐኪሙ ሰውን ከመንገድ ላይ ይገፋ ነበር። ወደቡ ላይ ስንደርስ ጀልባው በማዕበሉ ምክንያት ቀርቷል። ትኬታችንን ይዘን፣ አክስቴ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደቡ ላይ ተጨናንቀው ከቆሙት ቱሪስቶች መካከል ግራ ተጋብተን ቆምን። እዚያው ወደቡ ላይ ቱ ኦሽንስ አኳሪየም የሚባል የባሕር እንስሳት ቤት አለና ከነፋሱ ለመሸሽ ገባን።

ስለ ግዞት እንስሳት ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔም ቀድሞ እንደዚያ ነበርኩ። ነገር ግን ፔንግዊን በየብስ ላይ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው። ጠረፍ ላይ የሚንገዳገደው ወፍ ውሃ ውስጥ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። የማይበርበት ክንፍ ለካ የሚበርበት ሌላ ሰማይ ኖሮታል፤ ይህን ደግሞ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሚያይ ጥቂት ሰው ነው። መስታወቱ ፊት ቆመን፣ አንዱ ከታች ተነሥቶ ሽቅብ ሲወነጨፍ አረፋው ከላባው ሲፈተለክ፣ አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከአፍሪካዎቹ ጎን ቢጫ ቅንድባቸው ወደ ጆሯቸው የተንጨባረረ፣ ከዐለት ዐለት የሚዘሉ ሌላ ዓይነት ፔንግዊኖችም አሉ። አክስቴ እነሱን እምብዛም አልወደዷቸውም፤ "ቁጡ ይመስላሉ" አሉ።

ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል ነገሩን ሁሉ ተረኩላት። "እማዬ፣ እነዚሁ እኮ እኛም ጋ አሉ!" አለች። እውነቷን ነው። ባልቲሞር በሚገኘው የሜሪላንድ የእንስሳት ማቆያ በ2014 የተከፈተ ሰፊ የፔንግዊን ጠረፍ አለ፤ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የአፍሪካ ፔንግዊን መንጋ የሚኖረው እዚያ ነው። 1,000ኛው ጫጩት በ2017 ተፈልፍሎ፣ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች ማቆያዎች ሄደው ዘር ይተካሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አበሻ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ በመኪና አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደርሳል። ልጅቷ እዚያው አካባቢ ልጆች ወልዳ አሳድጋ አንድም ቀን አልወሰደቻቸውም ነበር። እናቷ ተቆጧት። ዱባይ ያሉትም ቢሆኑ፣ በረሃው መካከል ካለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ የሚኖሩ የንጉሥና የጄንቱ ፔንግዊኖች አሉላቸው። ኤድንብራ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ደግሞ በ1951 ጠባቂው የበሩን መዝጊያ ረስቶ ፔንግዊኖቹ ተከትለውት ከወጡ ወዲህ በየጊዜው በሰው መካከል ሲራመዱ ይታያሉ። ከሁሉም እኔ የማስበልጠው የባልቲሞሩን ነው፤ እዚያ የሚፈለፈለው ጫጩት የሚጠፋ ዘር መጠባበቂያ ነውና።

ነፋሱ ጋብ ያለ ሲመስል በባቡር ወደ ሳይመንስ ታውን ተነሣን። ይህ ባቡር ከከተማው ወጥቶ ሐዲዱ ከማዕበሉ ጥግ ጥግ የሚሄድ ነው፤ በመስኮቱ ግራ በኩል ባሕር ብቻ ይታያል። አክስቴ በልጅነታቸው በድሬዳዋ ባቡር እንደሄዱ እያወሩኝ ፊሽ ሁክ የምትባለው ከተማ ላይ ባቡሩ ቆሞ ሁላችሁም ውረዱ ተባልን። ቀጥሎ ያለውን ሐዲድ አሸዋ አልብሶታል፤ ነፋሱ ሲጠና ይህ ይሆናል። በሚኒባስ ታክሲ ከሰውና ከዘንቢል ጋር ተጣበን ቀሪውን መንገድ ጨረስን። አክስቴ በጾማቸው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ አንድ ቃል አላማረሩም።

በሳይመንስ ታውን ያለው ቦልደርስ የሚባለው ጠረፍ ግዙፍ ክብ ቋጥኞች ከነፋስና ከማዕበል የጋረዱት ሥፍራ ነው። ፔንግዊን የጥንት ነዋሪው አይደለም። በ1982 ሁለት ጥንዶች መጥተው ጎጆ ሠሩ፤ በዚያው ዘመን በባሕረ ሰላጤው ውስጥ በትልልቅ መረብ ማጥመድ በመገደቡ ሰርዲንና አንቾቪ በርክቶ መንጋው አደገ። ዛሬ ሰው የሚሄድበት ከእንጨት የተሠራ መተላለፊያ አለ፤ ወፎቹ ከሥሩና ከግራ ቀኙ ናቸው። አጠገቡ ባለችው ትንሽ ጠረፍ ላይ ደግሞ ዋና ይፈቀዳል፤ ሰው ሲዋኝ ፔንግዊን በአጠገቡ ያልፋል።

እዚያ ስንደርስ አክስቴ ዝም አሉ። በቴሌቪዥን እንዳዩት የለሰለሰና ያብለጨለጨ ወፍ አልነበረም። ግማሾቹ ላባቸው ተጎልጉሎ፣ በየቦታው ተነጭቶ፣ አብጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ከነፋሱ ጀርባቸውን አዙረው ቆመዋል። የረገፈው ላባ አሸዋው ላይ ይንከባለላል። "ታመዋል። ምን ነክቷቸው ነው?" አሉኝ። አጠገባችን የነበረችው የፓርኩ ጠባቂ ሁኔታቸውን አይታ ቀረበች፤ እኔ እያስተረጎምኩ አስረዳቻቸው። ፔንግዊን በዓመት አንዴ ላባውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይለውጣል። ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ባሕር መግባት አይችልም፤ ባሕር ካልገባ ዓሣ የለም። ስለዚህ አስቀድሞ ባሕር ገብቶ እስኪበቃው በልቶ፣ ስብ አከማችቶ ይመለስና ቆሞ ይጠብቃል።

አክስቴ አዳምጠው አዳምጠው፣ "ጾም ላይ ናቸዋ" አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም። ዳቦ ቆሏቸውን ከቦርሳቸው ሊያወጡ የነበረውን እጅ መለሱት፤ እነዚያ ሳይበሉ እሳቸው ፊታቸው መብላት አልሆነላቸውም።

ነጠላው የሄደው ይህን ጊዜ ነው። ነፋሱ በቋጥኞቹ መካከል ዞሮ መጣና ከትከሻቸው አንሥቶ፣ ከመተላለፊያው አጥር አሻግሮ፣ ጎጆ አጠገብ ጣለው። እኔ አጥሩን ልዘል እግሬን ሳነሣ ጠባቂዋ በኃይል ያዘችኝ። አሸዋው ውስጥ ጎጆ አለ፤ ሰው ሲረግጠው ጣሪያው ተንዶ እንቁላልና ጫጩት ይደፈጥጣል። ነገሩን ስትነግረኝ፣ ላባ መለወጥ ያልጀመረ አንድ ፔንግዊን ከጉድጓዱ ወጥቶ የነጠላውን ጫፍ በምንቃሩ ነክሶ ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር። እንጨትና የባሕር ሣር እየለቀመ ጎጆውን ማንጠፍ ልማዱ ነው፤ የአክስቴ ጥለት ደግሞ ጥሩ ምንጣፍ ይወጣዋል።

"ተዪው፣ ለልጆቹ ከሆነ ይውሰደው" አሉ አክስቴ። ጠባቂዋ አልተስማማችም፤ ክር እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፣ ጫጩቶቹም ይታነቁበታል። የምትረግጥበትን እያወቀች፣ ዙሪያውን ዞራ ደረሰች። ወፉ አለቀቀም። እሷ ከአንድ ወገን፣ እሱ ከሌላው ወገን ሆነው ሲጓተቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ እጇን ነክሷት ለቀቀ። ምንቃሩ ስለት ነው፤ ሥጋ ይቆርጣል። ነጠላው በኩስ ተለውሶ ተመለሰ። አክስቴ የጠባቂዋን እጅ ይዘው በመሐረባቸው ደሙን ጠረጉላት፣ መረቋትም፤ ምርቃቱን ስተረጉምላት ዐይኗ እንባ አቀረረ።

ወደ ቤት መመለሻ ባቡር ስለሌለን ለአክስቴ ልጅ ደወልን። ይህ ሰው ኬፕታውን ለረጅም ዓመታት ሲኖር ፔንግዊን አይቶ አያውቅም፤ ባሕሩንም ከመኪና መስኮት ካልሆነ አይቀርበውም። ከከተማው ዳር ባለ ሰፈር ሱቅ አለው። ሱቅ ደግሞ አይዘጋም። በ2008 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ሁከት በአገሪቱ ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህም ዝርፊያውና ቃጠሎው እየተነሣ ይተኛል። እዚያ ያለ ባለሱቅ አበሻ ዕቃውን ትቶ መዝናናት ሲያስብ ልቡ አይረጋም። ያን ዕለት ግን እናቱ ነፋስ ላይ ቆመዋልና ሱቁን ለባልደረባው አደራ ብሎ በፒክአፑ መጣ። ከመንገድ ዳር አቁሞ ጠባቂዋ ያሰረችልንን የነጠላ ከረጢት ከኋላ ሲጭን፣ እኛም ልንገባ ስንል፣ አንዲት አላፊ ሴት እጇን አወዛወዘች። በዚያ ሰፈር ሳትነሡ ከመኪናችሁ ሥር እዩ የሚል ምልክት ተለጥፏል። ጎንበስ ብለን ስናይ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ በጥላው ውስጥ፣ አንድ ፔንግዊን ቆሟል።

ማስነሣት አይቻልም። በእንጨት መግፋት አይገባም፤ ደንግጦ ወደ መንገዱ ከሮጠ ሌላ መኪና ይገጨዋል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ተንጎራደደ። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኛ። ወፉ አንገቱን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ በአንዱ ዐይኑ ከዚያም በሌላው አየው። እኔም ተኛሁ። የምንቃሩ ላይ ጭረት፣ የዐይኑ ቡናማ ቀለበት፣ ደረቱ ሲነፋና ሲኮማተር ይታየን ነበር። ቀኑን ሙሉ በመተላለፊያው ላይ ስንቀርበው የሚሸሸው ፍጡር፣ እኛ ከመንቀሳቀስ ስንቆም እሱ ወደ እኛ አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሌላ እርምጃ ተራመደ። የአክስቴ ልጅ ለሚስቱ ደውሎ በሹክሹክታ "እንዘገያለን፣ እንግዳ አለብን" አላት። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ወፉ በራሱ ጊዜ ወጥቶ፣ መንገዱን ዳር ዳሩን ይዞ፣ ወደ አንድ ቤት አትክልት ውስጥ ገባ።

ፔንግዊን በቅርብ የት ልይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ከዚህ የተነሣ ነው። ስልኩን ዘርግቶ ወደ ወፉ የሚሮጥ ሰው ጀርባውን ብቻ ያያል። በቅርብ ማየት የሚፈልግ፣ ጠዋት ማልዶ ወይም ወደ ማታ ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ሰብስቦ ይጠብቅ። መቅረብና አለመቅረብ የወፉ ፈንታ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ቴብል ቪው በሚባለው ሰፈር ሳንኮብ የሚሉት የባሕር አእዋፍ ማገገሚያ አለ፤ አልቴያ ዌስትፋል የምትባል ሴት በ1968 የመሠረተችው ነው። ይህን ራሱ ፈልጎ አግኝቶ ወሰደን። ያስጎበኘችን በጎ ፈቃደኛ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ በጠባሳ የተዥጎረጎረ ነው። ግማሹ በ2000 የተነከሰችው መሆኑን ነገረችን።

ያ ዓመት መነገር ያለበት ነው። በሰኔ ወር ትሬዠር የምትባል የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ በሮበንና በዳሰን ደሴቶች መካከል ሰጠመችና ነዳጇ ባሕሩን አለበሰው። ሁለቱ ደሴቶች የዚያን ጊዜ ዋነኞቹ የፔንግዊን መራቢያዎች ነበሩ። ነዳጅ የነካው ላባ ብርድ አይከላከልም፤ ወፉ በውርጭ ወይም ላባውን ሲያጸዳ በሚውጠው መርዝ ይሞታል። 19,000 ያህል ፔንግዊኖች ተለውሰው ተለቀሙ። ከተማው ውስጥ በነበረ ባዶ መጋዘን ሺዎች በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠቧቸው፤ የሞተ ዓሣ መብላት ስለማያውቁም አንድ በአንድ አፋቸውን እየከፈቱ አጎረሷቸው። ነዳጅ ያልነካቸው ወደ 19,500 የሚሆኑት ደግሞ ተይዘው፣ በመኪና ተጭነው፣ ወደ ምሥራቅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው፣ ያን ጊዜ ፖርት ኤልዛቤት ትባል ወደነበረችው ከተማ ተወስደው ባሕር ተለቀቁ። ሐሳቡ እነሱ ዋኝተው ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ባሕሩ እንዲጸዳ ነው። ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ የተባሉ ሦስት ፔንግዊኖች ጀርባቸው ላይ መከታተያ ተለጥፎላቸው አገሩ ሁሉ በየቀኑ የት እንደ ደረሱ ይከታተል ነበር። ደረሱም። ከታጠቡትም ከአሥሩ ዘጠኙ ድነው ተለቀቁ። ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ አፖሎ ሲ የተባለች መርከብ ስትሰጥም ከተለቀሙት 10,000 ያህል የዳኑት ግማሽ ገደማ ብቻ ነበሩና፣ ይህ ትልቅ ድል ነው።

ማገገሚያው ውስጥ በዚያ ወቅት የበዙት ነዳጅ የነካቸው አልነበሩም፤ ጫጩቶች ነበሩ። ዘግይተው የተፈለፈሉ ጫጩቶች ገና ራሳቸውን ሳይችሉ የወላጆቻቸው ላባ መለወጫ ይደርሳል። ወላጆቹ ባሕር ካልገቡ የሚያጎርሱት የላቸውም፤ ጥለዋቸው ይሄዳሉ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ አባት ማለት እሱ ነው ሲሉ የከረሙት ወፍ ዘመድ ነውና። ለረጅም ጊዜ ከጫጩቶቹ ፊት ቆመው፣ "ጨክኖ አይደለም። ቢገባ ይሰጥማል፤ ሁሉም ይሞታሉ" አሉ። ልጃቸው ወደ እናቱ ዞሮ አየና ምንም አልተናገረም።

ክርስትናው በ40 ቀኑ ተፈጸመ። እዚህ ላይ አክስቴ አንድ ነገር አግኝተው ነበር፤ የፔንግዊን እንቁላል የሚታቀፈውም 40 ቀን ገደማ፣ እናትና አባት እየተፈራረቁ ነው። ቤት ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህን ሳይናገሩ አላለፉም።

ከክርስትናው በኋላ ወደ ቤቲስ ቤይ ሄድን። መንገዱ ተራራና ባሕር መካከል የተሰነጠቀ ነው፤ ከቦልደርስ ጸጥ ያለ፣ ሰው የማይጋፋበት ሥፍራም ቤቲስ ቤይ ነው። ሩይ ኤልስ አካባቢ ባሕሩን ለማየት ስንወርድ ዝንጀሮ ፒክአፑ ውስጥ ገባ። የአክስቴን ምሳ ዕቃ አንሥቶ፣ ክዳኑን በጥርሱ ከፍቶ፣ ሽሮ ወጡን ከነእንጀራው አስፋልቱ ላይ ገለበጠው። እነዚያ ዝንጀሮዎች ሰው ምግብ ስለሚያለማምዳቸው ደፋሮች ናቸው፤ መታገል አደጋ አለው። ጨርሶ እስኪሄድ ከሩቅ ቆመን ጠበቅን፤ አክስቴም እስከ ማታ በውሃ ብቻ ዋሉ።

ቤቲስ ቤይ ያለው የፔንግዊኖቹ መራቢያ፣ ስቶኒ ፖይንት፣ የድሮ የዓሣ ነባሪ ማረጃ የነበረ ነው፤ ፍርስራሹ አሁንም ይታያል። ከዋናው የብስ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሥጋት አለበት፤ በ2016 አንድ ነብር በአንድ ጊዜ ከ30 በላይ ፔንግዊኖች ገድሏል። እዚያ ወፎቹ ከመተላለፊያው ሥር ተጋድመው፣ እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ አንገታቸውን አሳልፈው የጫማ ክር ይጎትታሉ። ቀድሞ ጎጆአቸውን የሚቆፍሩት ለሺህ ዓመታት በተከመረ የራሳቸው ኩስ ውስጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኩሱ ማዳበሪያ ሆኖ እስከ ዐለቱ ድረስ ተጠርጎ ተሸጠ፤ እንቁላላቸውም እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በመቶ ሺዎች እየተለቀመ ይበላ ነበር። አሁን ሰው የሠራላቸው ጎጆዎች በየድንጋዩ ሥር ተቀምጠዋል። አክስቴ አንዱን ጎጆ ጎንበስ ብለው አይተው፣ "ከእኛ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይሻላል" አሉና ተንፍሰው ቀጠሉ፤ ዕጣ ሲጠብቁ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል።

አቅሙ ያለው ሰው ከዚያም ይሂድ። አርጀንቲና ውስጥ ፑንታ ቶምቦ ላይ የማጌላን ፔንግዊኖች በመቶ ሺዎች ሆነው የሰውን መንገድ ያቋርጣሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ፊሊፕ ደሴት ላይ ከሁሉም የሚያንሱት ፔንግዊኖች ጀንበር ስትጠልቅ በቡድን በቡድን ከባሕር ይወጣሉ። ጋላፓጎስ ላይ በምድር ወገብ የሚኖሩ አሉ። ደቡብ ጆርጂያ ደግሞ የንጉሥ ፔንግዊን አገር ነው፤ ግን መርከብና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊ ግን አዲስ አበባ ተሳፍሮ በዚያው ቀን ኬፕታውን ይወርዳል፤ አፍሪካዊውን ሳያይ ሌላውን መመኘቱ ለእኔ አይዋጥልኝም። ጊዜውም አጭር ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሚሊዮን ይበልጡ የነበሩት ዛሬ ከ10,000 ጥንድ በታች ናቸው። በጥቅምት 2024 ከሁሉም በከፋው የመጥፋት አደጋ መዝገብ ገቡ። አወራረዱ በዚሁ ከቀጠለ በ2035 በዱር ላይኖሩ እንደሚችሉ አጥኚዎች ይናገራሉ። ዋናው ነገር ረኀብ ነው። ሰርዲንና አንቾቪ በባሕሩ መሞቅና በመረቡ ብዛት መንጋቸው ሲሳሳና ቦታ ሲቀይር፣ ፔንግዊኑ ላባ ከመለወጡ በፊት የሚያጠራቅመውን ስብ አያገኝም፤ ቆሞ የሚጾመው ሦስት ሳምንት ሳያልቅ ይወድቃል። በመጋቢት 2025 የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት በስድስት መራቢያዎች ዙሪያ በትልቅ መረብ ሰርዲንና አንቾቪ ማጥመድን ለ10 ዓመት ከልክሏል፤ ስቶኒ ፖይንትና ሮበን ከስድስቱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወቁት አክስቴ ከመመለሳችን በፊት ባለው ማታ የልጃቸው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። መደርደሪያው ላይ በቀይ ወጥ የታሸገ የሰርዲን ጣሳ ተደርድሯል፤ በዚያ ሰፈር ከዳቦ ቀጥሎ ብዙ የሚሸጠው እሱ ነው። አንዱን ጣሳ አንሥተው ሥዕሉን አዩት።

"ይኼ የእነዚያ ምግብ አይደለም?"

"እሱ ዘሩ ነው እማዬ። ግን አብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ያለው ስለማይበቃ።"

"አትሽጠው ታዲያ።"

"እማዬ፣ ሥጋ መግዛት የማይችል ሰው እኮ ነው ይኼን የሚገዛው። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይሸጠዋል፤ እነሱም ይራባሉ።"

"የማን ልጅ ይራብ እያልኩህ አይደለም። ከየት እንደመጣ ጣሳው ላይ ተጽፎ እንደሆነ አንብብና ንገረኝ።"

መነጽሩን ከኪሱ አወጣና፣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ማንበብ ጀመረ።